ቅዳሜ አምስት፣ እሁድ አንድ፦ የአትሊ ኤድቫልድሶን የአጥቂነትና የአሰልጣኝነት ጉዞ

ቀኑ ቅዳሜ፣ ጁን 4 ቀን 1983 ነው። (እዚህ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጀርመን ቡንደስሊጋ የመጨረሻ ሳምንት ነው። ፎርቱና ዱሴልዶርፍ በሜዳው ከአይንትራኽት ፍራንክፈርት ጋር ይጫወታል። ጨዋታው 5 ለ 1 አለቀ። አምስቱንም የዱሴልዶርፍ ጎሎች ያገባው አንድ ሰው ነው። አትሊ ኤድቫልድሶን ይባላል፤ የ26 ዓመት አይስላንዳዊ አጥቂ። በቡንደስሊጋ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል ያስቆጠረ የመጀመሪያው የውጭ ዜጋ እሱ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ሲጨፍር ያድራል። አትሊ ግን በማግሥቱ እሁድ አገሩ ሬይክያቪክ ላይ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገብቷል። ጨዋታው የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ነው፤ ተጋጣሚዋ ማልታ። አይስላንድ 1 ለ 0 አሸነፈች። ጎሏን ያገባው ማን መሰላችሁ? አትሊ ነው።

በሁለት ቀን ሁለት አገር ውስጥ ስድስት ጎል ማለት ነው። አይስላንድ በዚያ ማጣሪያ ካደረገቻቸው ስምንት ጨዋታዎች ያሸነፈችው ያንን ብቻ ነው። ልክ ከዓመት በፊት፣ ጁን 5 ቀን 1982፣ ሲሲሊ ውስጥ መሲና ላይ ይህችው ማልታ አይስላንድን 2 ለ 1 አሸንፋት ነበር። ስለዚህ የእሁዷ ጎል እንዲያው የአንድ ቀን ደስታ አልነበረችም። አንድ ዓመት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲያቃጥል የቆየ ሽንፈት ነው የተመለሰው።

ስለ አትሊ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከቅዳሜዋ ይጀምራል። እኔም ከሷው ጀመርኩ። ብዙዎቹ ግን እዚያው ያቆማሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ እሁዷ ናት። ያ ሰው ከዚያ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው የእሁዱን ዓይነት ሥራ ነው። ጭብጨባው ሳይበርድ ተነስቶ ሌላ ቦታ፣ የበለጠ ወደሚፈለግበት ይሄዳል። አሰልጣኝነቱንም በዚህ ዓይን ካላየነው በትክክል የምንፈርድለት አይመስለኝም።

ስለ ስሙ ትንሽ ላውራ፤ ይህን ከእኛ በላይ የሚረዳው ሕዝብ የለምና። አብዛኞቹ አይስላንዳውያን እንደኛው የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አይጠቀሙም። ኤድቫልድሶን ማለት የኤድቫልድ ልጅ ማለት ነው። አገራቸው ውስጥ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ፕሬዚዳንቱም ቢሆን። የስልክ ማውጫቸው ሳይቀር የሚደረደረው በሰውየው ስም እንጂ በአባቱ አይደለም። ጀርመኖች ግን በራሳቸው ልማድ «ኤድቫልድሶን» ነው የሚሉት። ውጭ አገር ቢሮ ገብቶ በአባቱ ስም የተጠራ ኢትዮጵያዊ ስሜቱን ያውቀዋል። ሰውየው አምስት ጎል አግብቶ ጋዜጣው ላይ የሚወጣው የአባቱ ስም ነው።

አባቱ ደግሞ የራሱ ከባድ ታሪክ ያለው ሰው ነበር። የተወለደው ኢስቶኒያ ነው፤ ስሙም ኤቫልድ ሚክሶን ይባል ነበር። በ1930ዎቹ የኢስቶኒያ ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ ሆኖ ተጫውቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አይስላንድ ገባ። በዚያን ጊዜ ዜግነት የሚወስድ የውጭ ሰው አይስላንዳዊ ስም መያዝ ግዴታው ስለነበር ኤድቫልድ ሂንሪክሶን ተባለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰውየው ካረጀ በኋላ፣ የናዚ ጦር ወንጀለኞችን የሚከታተለው የሲሞን ቪዘንታል ማዕከል በጦርነቱ ጊዜ ኢስቶኒያ ውስጥ በተፈጸሙ ግድያዎች እጁ አለበት ሲል ከሰሰው። እሱ አልፈጸምኩም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በ1993 መጨረሻ ሞተ። ይህን የጻፍኩት ልጁን በአባቱ ለመዳኘት አይደለም። የአትሊን ሕይወት ሲተርኩ ይህን መዝለል ግን ሐቀኝነት አይሆንም።

ቤቱ የኳስ ቤት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዮሃኔስ ለስኮትላንዱ ሴልቲክ ተጫውቷል። ጁን 5 ቀን 1975 አይስላንድ ምሥራቅ ጀርመንን 2 ለ 1 ስትረታ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ዮሃኔስ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ማለት ከዓመት በፊት በዓለም ዋንጫው ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈች ቡድን ናት። ሁለተኛውን ጎል ያገባው አስጌር ሲጉርቪንሶን ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

አትሊ የተወለደው በማርች 1957 ሬይክያቪክ ውስጥ ነው። ያደገበት ክለብ ቫሉር ይባላል። የዚያን ጊዜ የአይስላንድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው ጠጠር ሜዳ ላይ ነው። ሣሩ የሚገኘው በአጭሩ በጋ ብቻ ነው። ሊጉም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብርድና ጨለማ። ከዚያ ወጥቶ ጀርመን ደረሰ። በ1980 ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ገብቶ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 11 ጎል አገባ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ዱሴልዶርፍ ተዛወረ።

የ1982/83 የጎል አግቢዎች ሰንጠረዥ አሁንም ይገርመኛል። አንደኛ የብሬመኑ ሩዲ ፎለር፣ 23 ጎል። ቀጥሎ የኮሎኙ ክላውስ አሎፍስና አትሊ፣ እኩል 21። ካርል ሃይንዝ ሩሜኒገ በ20 ከእነሱ በታች ነው። አትሊ ወደ መጨረሻው ሳምንት የገባው 16 ጎል ይዞ ነበር። በአንድ ከሰዓት አምስት ጨምሮ የባየርን ሙኒኩን ሩሜኒገን አለፈው። የፎለርን ስምም ያዙልኝ።

አትሊ ቡንደስሊጋ ውስጥ በጠቅላላው 224 ጨዋታ አድርጎ 59 ጎል አስቆጥሯል። ከነዚህ ውስጥ 21ዱ የዚያች አንዲት ዓመት ናቸው። ሌላው ጊዜ ታዲያ ምን ሲሠራ ነበር? መልሱ ቀላል ነው፤ ቦታው ተቀያየረ። ረዥም ነው፣ በግንባሩ ጎበዝ ነው፣ ሩጫ አይሰለቸውም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አሰልጣኝ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በ1985 ወደ ባየር ኡርዲንገን ከሄደ ወዲህ አማካይም ተከላካይም ሆኖ ተጫውቷል። ለአገሩም እንደዚያው ነው። 70 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው 8 ጎል ብቻ ነው። አምበልም ሆኖ ቡድኑን መርቷል።

አንዳንዱ ይህን ቁጥር አይቶ «አንድ ቅዳሜ የበራለት ተጫዋች» ይላል። እኔ አልስማማም። በስድስት ዓመት ውስጥ ከፊት መስመር እስከ ኋላ መስመር የተጫወተ ሰው ሜዳውን ከሁሉም አቅጣጫ አይቶታል። አጥቂ ሆኖ ጡረታ የወጣ አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚያየው ጎሉን ብቻ ነው። አትሊ ግን ጎል ማግባትንም ጎል ማዳንንም በእግሩ ተምሮ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው።

በቱርክ ለጌንችለርቢርሊ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ በ1990 አገሩ ገባ። የፈረመው ግን ላሳደገው ቫሉር ሳይሆን ለኬአር ነው። ኬአር በ1899 የተመሠረተ የአይስላንድ አንጋፋ ክለብ ነው። ነጭና ጥቁር መስመር ያለው ማሊያ ይለብሳል። ሰፈሩ የሬይክያቪክ ምዕራባዊ ክፍል ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያ አንጋፋ ክለብ ከ1968 ወዲህ የሊጉን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም።

አትሊ በገባበት ዓመት በ1990 ዋንጫው እጃቸው ላይ ደርሶ ነበር። ኬአርና ፍራም የተባለው ክለብ በነጥብ እኩል ጨረሱ። ፍራም በግብ ክፍያ ወሰደው። ይህን እንደ ተጫዋች የቀመሰ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። 22 ዓመት የጠበቀ ደጋፊ ፊት ላይ የሚታየውን ሐዘን ከውስጥ ሆኖ አይቶታል።

አሰልጣኝነቱን የጀመረው ትናንሽ ቦታ ነው። መጀመሪያ ኤችኬ፣ ከዚያ ኢቤቪ፣ ከዚያ ፊልኪር። ኢቤቪ ከዋናው መሬት ተነጥሎ ባሕር ላይ ያለ የዓሣ አጥማጆች ደሴት ክለብ ነው። በ1998 ኬአር ጠራው። ያን ዓመትም ኬአር ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የሆነው ማን ነው? አትሊ ቀድሞ ያሰለጠነው ኢቤቪ!

ከዚያ 1999 መጣ። ክለቡ መቶ ዓመት የሚሞላበት ዓመት። መቶኛ ልደት ለአሰልጣኝ ጥሩ ስጦታ አይደለም። ካሸነፍክ «መቼስ ዓመቱ ነው» ይባላል። ከተሸነፍክ ግን ኬኩን ያበላሸኸው አንተ ነህ። በዚያ ላይ የ31 ዓመት ጥበቃ ትከሻህ ላይ አለ። ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ኬአር የመጨረሻውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ አልተወለዱም ነበር። አባቶቻቸው የነገሯቸውን ነው የሚያውቁት።

ኬአር ሊጉን ወሰደ። እሱ ብቻ አይደለም። በጥሎ ማለፉ ፍጻሜም የአክራኔሱን ክለብ 3 ለ 1 አሸንፎ ሁለተኛውን ዋንጫ ደረበ። ሊጉን ሠላሳ አንድ ዓመት ከጠበቀ በኋላ በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ዋንጫ!

የዚያ ቡድን አጥቂ ከነበሩት አንዱን ድምፁን ሳታውቁት አትቀሩም። ጉድሙንዱር ቤነዲክትሶን ይባላል። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ አይስላንድ በመጨረሻዋ ደቂቃ ኦስትሪያ ላይ ጎል ስታገባ ማይክራፎኑ ላይ እየጮኸ ዓለምን ያስደነቀው ኮሜንታተር እሱ ነው። ያ ሁሉ ሰው በስልኩ ሲቀባበለው የነበረ ጩኸት የአንድ የድሮ አጥቂ ጩኸት ነበር።

እኔ የአትሊ ትልቁ ሥራ የ1999ኙ ነው ባይ ነኝ። አምስቷ ጎል የአንድ ከሰዓት ናት። ኬአር ግን የሁለት ዓመት ልፋት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በተጫዋችነት አንዴ በአሰልጣኝነት፣ ደጃፉ ላይ ከተመለሰ በኋላ። የሠራው ነገር ጠንካራ እንደነበረ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ታየ። በ2000 እሱ ሄዶ እንኳ ኬአር በሌላው የቀድሞ አጥቂ በፔቱር ፔቱርሶን እየተመራ ሊጉን ደገመው።

የሄደው ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ነው። ጉድዮን ቶርዳርሰን በ1999 መጨረሻ ቦታውን ለቆ ወደ እንግሊዙ ስቶክ ሲቲ አቀና። ጉድዮን ትልቅ ጫማ ነው ጥሎ የሄደው። በሴፕቴምበር 1998 የዓለም ሻምፒዮኗን ፈረንሳይን ሬይክያቪክ ላይ 1 ለ 1 ይዟታል። ሕዝቡ ከዚያ በታች አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ዘርዝሬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ፍርዱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። የ2002 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። ምድቡ ዴንማርክ፣ ቼክ፣ ቡልጋሪያ፣ ሰሜን አየርላንድና ማልታ ያሉበት ነው። አይስላንድ ከአሥር ጨዋታ አራት አሸነፈች፣ አንድ አቻ ወጣች፣ አምስት ተሸነፈች። 13 ነጥብ፣ አራተኛ ደረጃ።

አሁን ይህን ለሁለት እንክፈለው። በሜዳዋ ባደረገቻቸው አምስት ጨዋታዎች 10 ነጥብ ሰብስባለች፤ የገባባት አራት ጎል ብቻ ነው። ከሜዳዋ ውጭ ደግሞ 3 ነጥብ፤ እሱም ከማልታ። የገባባት 16 ጎል! ቼክ ውስጥ ቴፕሊትሴ ላይ አራት፣ ሶፊያ ላይ ሁለት፣ ማልታ ላይ አንድ፣ ቤልፋስት ላይ ሦስት፣ ኮፐንሃገን ላይ ስድስት። ይህ የአንድ ቡድን ውጤት አይመስልም።

በጣም የሚያሳምመው የሴፕቴምበር 2001 ሳምንት ነው። ወሩ የጀመረው በድል ነው። ሴፕቴምበር 1 ላይ አይስላንድ ቼክን 3 ለ 1 ረታች። ኤዮልፉር ስቬሪሶን ሁለት፣ አንድሪ ሲግቶርሰን አንድ። አገሩ ሁሉ ሒሳብ መሥራት ጀመረ። በአራተኛው ቀን ቤልፋስት ላይ 3 ለ 0። ከወር በኋላ ኮፐንሃገን ላይ 6 ለ 0። ተስፋው በአምስት ሳምንት ውስጥ ተበላ።

ጥፋቱ የማን ነው? አሰልጣኙ ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም። ከሜዳ ውጭ አሥራ ስድስት ጎል የሚገባበት ቡድን አደረጃጀቱ ላይ ችግር አለው። ተከላካይነትን ከሚያውቅ ሰው ደግሞ የተሻለ ይጠበቃል። ግን በእጁ የነበረውንም ማየት ተገቢ ነው። አይስላንድ ያኔ የነበራት ሕዝብ 280 ሺህ ገደማ ነው። አጥቂው የቼልሲው ኤይዱር ጉድዮንሰን ነበረ፤ እኛም አገር በየቴሌቪዥን ቤቱ የምናውቀው ጉድዮንሰን። ከሱ ጎን ግን የሚሰለፈው ሰው ቁጥሩ ውስን ነው። ሁለት ሰው ቢጎዳ ወይም በአራት ቀን ልዩነት ሁለት ጨዋታ ቢመጣ አሰልጣኙ የሚያዞረው ተጫዋች የለውም። የቤልፋስቱን ጨዋታ እኔ እንደዚህ ነው የማነበው።

ሌላም አለ። የአይስላንድ እግር ኳስን የቀየረው ጣሪያ ነው። ባለሙሉ ሜዳ የቤት ውስጥ ስታዲየም አገሪቱ ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተው ኬፍላቪክ አካባቢ በ2000 ነው። ከዚያ በየከተማው ተከታተሉ። ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ሜዳ ላይ፣ ብርዱን ሳይፈሩ፣ በቂ ትምህርት ባላቸው አሰልጣኞች እጅ መጫወት ቻሉ። በ2016 ኒስ ላይ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፎ ያስለቀሰው፣ በ2018 ዓለም ዋንጫ የገባው ትውልድ የዚህ ፍሬ ነው። አትሊ ቡድኑን ሲይዝ እነዚያ ልጆች ገና አሥር ዓመት አካባቢ ነበሩ። የሱ ተጫዋቾች ግን እንደሱው የጠጠር ሜዳ ልጆች ናቸው። እሱ የመጣው የቀድሞው ወኔ እያለቀ፣ አዲሱ ዘር ገና እየተተከለ ባለበት ሰዓት ነው።

ለ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያው በመጥፎ ጀመረ። በኦክቶበር 2002 ስኮትላንድ ሬይክያቪክ መጥታ 2 ለ 0 አሸነፈች። በማርች 2003 ግላስጎ ላይ ኤይዱር አቻ አድርጎ ነበር፤ ግን 2 ለ 1 አለቀ። ከዚያ በወዳጅነት ጨዋታ ፊንላንድ 3 ለ 0 ረታቻቸው። በሜይ 2003 አትሊ በቃኝ ብሎ ለቀቀ።

ቦታውን የተረከቡት ሎጊ ኦላፍሶንና አስጌር ሲጉርቪንሶን ናቸው። ያዙልኝ ያልኳችሁ አስጌር፤ በ1975 ከአትሊ ወንድም ከዮሃኔስ ጋር ምሥራቅ ጀርመን ላይ ጎል ያገባው። ወዲያው ሊትዌኒያን ከሜዳ ውጭ 3 ለ 0 አሸነፉ። ሴፕቴምበር 6 ላይ ደግሞ ጀርመንን ሬይክያቪክ ላይ 0 ለ 0 ያዟት። የጀርመን አሰልጣኝ ማን ነበር? ሩዲ ፎለር! ያን ምሽት በቀጥታ ስርጭት ላይ በተንታኞች ተቆጥቶ የተናገረው ንግግር ጀርመን ውስጥ እስካሁን ይጠቀሳል። በ1983 በሁለት ጎል የተለያዩት ሁለት አጥቂዎች ሬይክያቪክ ላይ በአሰልጣኝነት ሊፋጠጡ የቀራቸው አራት ወር ነበር። አይስላንድ በመጨረሻ ከስኮትላንድ በአንድ ነጥብ አንሳ ሦስተኛ ሆነች፤ የደርሶ መልሱ ማጣሪያ አመለጣት። አትሊ ከስኮትላንድ ጋር ካደረጋቸው ሁለት ጨዋታዎች አንዱን አቻ ቢወጣ ኖሮ የምድቡ ሁለተኛ አይስላንድ ትሆን ነበር። ይህ ነው በአሰልጣኝነቱ ላይ የቀረው ትልቁ ቁስል።

ከዚያ በኋላ ትልቅ ቦታ አላገኘም። ትሮቱር የተባለውን ክለብ ያዘ፤ ቡድኑ በ2005 ወረደ። በ2009 ወዳደገበት ቫሉር ለአጭር ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ የታችኛው ሊግ ክለቦች። ስዊድን ውስጥ የክርስቲያንስታድን የወንዶች ቡድን አሰለጠነ፤ በዚያችው ከተማ የሴቶች ክለብ ልጁ ሲፍ በተከላካይነት ትጫወት ነበር። የቡንደስሊጋ ስም ያለው፣ ብሔራዊ ቡድን የመራ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲሠራ ያየ «ወረደ» ሊል ይችላል። እኔ ያቺን እሁድ ነው የማስታውሰው። ጥሪ ካለ ይሄዳል።

አትሊ በሴፕቴምበር 2 ቀን 2019 በ62 ዓመቱ በካንሰር ሞተ።

ሲፍ አትላዶቲር፣ የአትሊ ልጅ ማለት ነው፣ ለአይስላንድ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በተደጋጋሚ በአውሮፓ ዋንጫ ተሰልፋለች። አባቷ ከነድፍን 70 ጨዋታው አንድም ትልቅ ውድድር አልገባም። ወንድሟ ኤሚል አትላሶን ደግሞ አጥቂ ሆነ። በ2023 የአይስላንድ ሊግ ኮከብ ጎል አግቢ ነበር፤ አባቱ ጀርመን ውስጥ በሁለት ጎል ያጣው ያ የአንደኝነት ቦታ። በአገሩ ልማድ ማሊያው ላይ «ኤሚል» ሊባል ይችላል። ሙሉ ስሙ ሲጠራ ግን ሁለተኛው ስም አትሊ ነው።